የጭቃ ቤት እድሳት ደብረ ማርቆስ ላይ፦ ለግድግዳው ጂፕሰም፣ ለወለሉ ሴራሚክ ያዋጣል?

የጨሞጋ ማዶ (ጠያቂ)

እንደምን አላችሁ። ደብረ ማርቆስ ያለ የቤተሰብ ቤት ልናድስ ነው። የማጠናቀቂያ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ሙያው ያላችሁ ሐሳብ ብትሰጡን ብዬ ነው።

ቤቱ 8 በ6 ሜትር ነው፤ የግድግዳው ከፍታ 2.80። ቋሚና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ምርጊቱ ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሳሎኑ 4 በ6፣ ሁለቱ መኝታ ቤቶች እያንዳንዳቸው 4 በ3 ናቸው። ውጭው ከብዙ ዓመት በፊት በሲሚንቶ ተለስኗል። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው ልስን አሁን ተቦድሶ ወድቋል፤ ከዚያ በላይ ያለውም ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ ኖራ ነው፣ በየክረምቱ ግርጌው ይረጥባል። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፣ የሰመጠ ነገር ግን የለም። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። ከጀርባ በኩል 2 በ1.80 የሆነ መታጠቢያ ቤት በብሎኬት አዲስ ተሠርቶ ከቤቱ ጋር ተያይዟል።

ያሰብነው ውስጡን በሙሉ ጂፕሰም፣ ከሳሎኑ አንዱን ግድግዳ ፒቪሲ ፓኔል፣ ወለሉን በሙሉ 60 በ60 ሴራሚክ፣ ውጭውን ኳርትዝ ቀለም (አሸዋማው የውጭ ቀለም) ነው። የቱ ላይ ነው ገንዘባችንን የምንጥለው? መጠኑንም በካሬ ብትነግሩን ጥሩ ነው፤ ሠራተኛው የሚለው ቁጥር በየቀኑ ይለያያል።

ፍራታሶ

ኳርትዙንም ጂፕሰሙንም ለጊዜው አቆዩት። ከመሬት እስከ ጉልበት የሚወድቅ ልስን ምክንያቱ ውኃ ነው። ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ ያን ሁሉ ግድግዳው ሥር ያወርደዋል። መሬት ላይ ነጥሮ የሚመለሰው ጠብታ እስከ 40 እና 50 ሳንቲም ከፍታ ግድግዳውን ይመታል፤ ከታች ደግሞ ጭቃው ራሱ ውኃ ይስባል። ግድግዳው ጭቃ ብቻ ቢሆን የሳበውን በጋ ላይ በንፋስና በፀሐይ ይመልሰው ነበር። ሲሚንቶ ስለደፈነው ግን እርጥበቱ ከልስኑ ጀርባ ይቀራል። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ይለቀዋል። የሰማችሁት ባዶ ድምፅ ይኸው ነው፤ ገና አልወደቀም እንጂ ተለያይቷል።

መጀመሪያ ቋሚዎቹን ፈትሹ። ልስኑ በወደቀበት በኩል እያንዳንዱን ቋሚ ከመሬት 10 ሳንቲም ከፍ ብሎ በካቻቢቴ ውጉት። ጫፉ ያለ ብዙ ጉልበት 1 ሳንቲም ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። እንዲህ ያለው ቋሚ ሳይቀየር የሚለሰን ግድግዳ በዓመቱ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ቀይሩትና አዲሱን አፈር ውስጥ ከመቅበር ድንጋይ ግንብ ላይ አሳርፉት።

ሁለተኛው አሸንዳና የዙሪያ ሊሾ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ከ80 ሳንቲም እስከ 1 ሜትር ስፋት ያለው ሊሾ ይሠራ፣ በየሜትሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲም ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ጫፉ ላይ ቦይ ይኑረው። የግቢው አፈር ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲም ዝቅ ማለት አለበት። ብዙ ቤት ላይ ግቢው በዓመታት ውስጥ ከፍ እያለ መጥቶ ከወለሉ እኩል ሆኗል፤ እዚህ ላይ ከዶማ የተሻለ መድኃኒት የለም።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም ውጭውን በሲሚንቶ እንለስን ካላችሁ ያለ ሽቦ አይሞከርም። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሁሉ ይውረድ። በጋልቫናይዝ የተነከረ የዶሮ ሽቦ ዘርጉ፤ ቁራጩ ከቁራጩ 10 ሳንቲም ይደራረብ፣ በየ25 ሳንቲሙ ማገርና ቋሚ ላይ በሚስማር ይመታ። ሚስማሩን ጭቃው ላይ መምታት ትርፉ ድካም ነው። ሽቦው ከጭቃው ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ፈንጠር ይበል፤ ጭቃው ላይ ከተለጠፈ ልስኑ ከጀርባው ስለማይገባ ሽቦውን አይጨብጠውም። የመጀመሪያው ንብርብር 1 ሲሚንቶ ለ3 አሸዋ፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲም፣ ፊቱ ተጫጭሮ ይተው። ሁለተኛው በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን 1 ለ4፣ ሌላ 1 ሳንቲም፣ በስታጃ (ቀጥ ባለው ማስተካከያ) ተስቦ በፍራታሶ (በእጅ ማለስለሻው) ይታሽ።

የውጭ ግድግዳችሁ ዙሪያው 28 ሜትር ነው፤ በ2.80 ሲባዛ 78 ካሬ፣ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 68 ካሬ ገደማ ይቀራል። የጭቃ ግድግዳ ወጣ ገባ ስለሚበዛው ለአንድ ካሬ 10 ኪሎ ሲሚንቶ ያዙ፦ 7 ኩንታል። አሸዋ 2 ሜትር ኩብ፣ ሽቦ ከ75 እስከ 80 ካሬ፣ ባለ 6 ሳንቲም ሚስማር 5 ኪሎ። ፒፒሲ ሲሚንቶ ለልስን በቂ ነው፤ ኦፒሲውን ለቤቶን አስቀሩት።

አሸዋውን ሳትፈትሹ አታስገቡ። በብርጭቆ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከላዩ ውኃ አድርጋችሁ ነቅንቁና ለሦስት ሰዓት ተዉት። ከአሸዋው በላይ የሚተኛውን ደለል በማስመሪያ ለኩ። ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ ወይ ይታጠብ ወይ ይመለስ። ልስን ላይ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ በየአቅጣጫው የሚበታተን ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከደለል ነው፤ ቀሪው ውኃ ካለማጠጣት ነው። ማርቆስ ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ የጥርና የየካቲት ፀሐይና ንፋስ ልስኑን ሳይጠነክር ያደርቀዋል። 7 ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይጠጣ፤ ፀሐይ የሚመታው ጎን ላይ ጆንያ አርጥባችሁ ስቀሉ። ከተቦካ አንድ ሰዓት ተኩል ያለፈውን ድፍድፍ ሠራተኛው ውኃ እየጨመረ ካለሰለሰው የሚለሰነው የሞተ ሲሚንቶ ነው።

ጭቃና ጭድ

ፍራታሶ ስለ ውኃው ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ሽቦው ላይ ግን አልስማማም። ጋልቫናይዝም ቢሆን እርጥበት በሚያመላልስ ጭቃ ላይ ግርጌው ቀድሞ ይዝጋል፤ የዛገ ሽቦ ያብጣል፣ ልስኑንም ከውስጥ ይገፋዋል። ያን ጊዜ የሚወርደው እንደ አሁኑ ቁራሽ ቁራሽ ሳይሆን እንደ አንሶላ ተያይዞ ነው። ሰባት ኩንታል ሲሚንቶ ጭቃ ላይ ከመስቀል ግድግዳውን በዘመዱ መመረግ ይሻላል፦ ጭቃ፣ አሸዋ፣ ጭድና ኖራ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መረሬውን (ጥቁሩን አፈር) አትንኩት፤ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ስንጥቅ እጅ ያስገባል። ቀይ አፈር ፈልጉ፣ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉት። 2 እጅ አፈር፣ 3 እጅ አሸዋ፣ ከሙሉው ከ5 እስከ 10 በመቶ የጠፋ (በውኃ የበረደ) ኖራ። የጤፍ ጭዱ ከአፈሩና ከአሸዋው ድምር ሩብ ያህል ሆኖ በደንብ ይከተከት። አፈሩና ጭዱ ቀድመው ይቡኩ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይብላሉ፣ በየሦስት ቀኑ ይረገጡ። ሽታው ሲከፋ ጭቃው እየተያያዘ ነው ማለት ነው። ኖራው የሚገባው ግድግዳው ላይ በሚመረግበት ቀን ነው።

አፈር ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ይህን መጠን እንደ ሕግ አትያዙት። 30 በ30 ሳንቲም የሆኑ አራት ሙከራ ግድግዳው ላይ መርጉ፤ አሸዋውን 2፣ 3፣ 4፣ 5 እጅ እያደረጋችሁ። ከሳምንት በኋላ የተሰነጠቀው አሸዋ አንሶታል፣ በመዳፍ ሲታሽ የሚረግፈው አሸዋ በዝቶበታል። ሁለቱንም ያላደረገውን ምረጡ።

ግድግዳው ከመመረጉ በፊት ይርጠብ፣ ውኃ ግን አይውረድበት። አንድ ንብርብር ከ1.5 ሳንቲም አይብለጥ። በማርቆስ በጋ ሁለት ሳንቲም ምርጊት እስከ ውስጡ ለመድረቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ከላዩ የኖራ ቅብ፦ እንደ ወተት የቀጠነ፣ ሦስት ወይም አራት ዙር፣ በየቀኑ አንድ ዙር፣ እያንዳንዱ ግድግዳው ረጥቦ። ወፍራም አድርጎ በአንድ ዙር መጨረስ ያማልላል፤ እንዲህ ያለው ቅብ ልብስ ላይ ይራገፋል። ኖራ ሲቀባ ውኃ ይመስላል፣ ንጣቱ የሚወጣው በማግስቱ ነውና አትደንግጡ። ጓንት አድርጉ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውኃ እጠቡ፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላል።

ከመሬት እስከ 50 ሳንቲም ያለውን ክፍል በጥቁር ድንጋይ ማልበስ ካሰባችሁ ጥሩ ሐሳብ ነው። ጎጃም ውስጥ ድንጋይ ብርቅ አይደለም። ግን ድንጋዩ ግድግዳው ላይ አይለጠፍ፤ የራሱ መሠረት ኖሮት፣ ከጭቃው 3 ሳንቲም ያህል ርቆ ለብቻው ይቁም። አናቱ ላይ ያለው ክፍተት ዝናብ እንዳያስገባ ወደ ውጭ ያዘነበለ ክዳን ይደረግለት፤ ከሥሩ ውኃ መውጫ፣ ከክዳኑ በታች ደግሞ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይተውለት።

የጨሞጋ ማዶ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአሥራ ሰባቱ የውጭ ቋሚ አራቱ ግርጌያቸው ለስላሳ ሆኖ ተገኝቷል፤ መጀመሪያ እነሱ ይቀየራሉ። ኖራውን ወደድነው። ውስጡስ? ጂፕሰም ጨርሶ አይሆንም ማለት ነው? ወለሉስ?

ፍራታሶ

ጭቃና ጭድ፣ ሽቦው ግርጌ ላይ ይዝጋል ያልከው እውነት ነው፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ አሸንዳና ቦይ ያልኩት። ቋሚዎቹ እንዲህ ከሆኑ ግን እኔም ለዚህ ቤት ኖራውን እመርጣለሁ። አራት ቋሚ የተቀየረለት ግድግዳ አንድ ሁለት ዓመት መንቀሳቀሱ አይቀርም፣ ኖራና ጭቃ ያንን ይችሉታል፤ ቢሰነጠቅም በባልዲ ድፍድፍ ይጠገናል። ኳርትዝ ቀለሙን ለመታጠቢያ ቤቱ ብሎኬት አቆዩት፣ ጭቃው ላይ በክረምት ያኮፍራል።

ጂፕሰም ይሆናል፣ ከ1 ሜትር በላይ። ደጀን ወርዳችሁ አባይን ስትሻገሩ ገደሉ ላይ ከሚታዩት ንብርብሮች አንዱ ጂፕሰም ነው። ይህ ድንጋይ ውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ አንድ ሊትር ውኃ 2 ግራም ገደማ ይዞ ይሄዳል። በየክረምቱ የሚረጥብ ግርጌ ላይ የተለሰነ ጂፕሰም ይለሰልሳል፣ ነጭ ጨው ያወጣል፣ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ከሲሚንቶ ጋር ሆኖ ሲረጥብ ደግሞ ጂፕሰሙ ከሲሚንቶው ጋር ይዋሃድና ያብጣል፤ የረጠበ የሲሚንቶ ልስን ላይ ጂፕሰም የሚላቀቀው አንዱ በዚህ ነው።

ስለዚህ ውስጡ ከወለል እስከ 1 ሜትር በዚያው በኖራ ጭቃ ይስተካከልና በኖራ ይቀባ። ከዚያ በላይ ጭቃው መጀመሪያ ይስተካከል፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ጂፕሰም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር። አንድ ሚሊ ሜትር ለአንድ ካሬ 1 ኪሎ ገደማ ይፈጃል። የውስጥ ግድግዳችሁ ከ1 ሜትር በላይ ያለው በርና መስኮት ተቀንሶ 75 ካሬ ቢሆን፣ በ3 ሚሊ ሜትር 225 ኪሎ ነው፤ ብክነት ጨምራችሁ 250 ኪሎ ያዙ። ሠራተኛው ጂፕሰምን ጭቃ ማስተካከያ አድርጎ 2 ሳንቲም ሊያለብሰው ከፈለገ አስቁሙት፣ ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ጂፕሰም ከተቦካ በ20 እና 30 ደቂቃ ውስጥ ይይዛል፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባልዲ በላይ አይቦካ፣ የቀረውም ውኃ ተጨምሮ አይመለስም።

አሮጌው ኖራ ሳይፋቅ ጂፕሰምም ፕላስቲክ ቀለምም አይነካው። ጥቁር ጨርቅ ግድግዳው ላይ አሹ፤ ነጭ ከያዘ ይፋቅ። ከታችኛው 1 ሜትር ላይ ዘይት ቀለም የመቀባት ልማድ አለ፣ እንዲታጠብ ተብሎ። እርጥብ ግድግዳ ላይ ይህ ያው እንደ ሲሚንቶው መድፈን ነው፤ በአንድ ክረምት ይላጣል። መስመሩ እንዳያስጠላ ታችኛውን ኖራ በቀይ አፈር ቀለም ትንሽ አጥቁሩት፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ጂፕሰም ላይ 1 ሊትር ለአንድ ዙር 10 ካሬ ይደርሳል። 75 ካሬ በሁለት ዙር 15 ሊትር ነው። የመጀመሪያ መስመጫ (ፕራይመር) ከዚህ ውጭ ነው፤ ጂፕሰም ውኃ ስለሚጠጣ ያለ እሱ የተቀባ ቀለም ይዥጎረጎራል።

ካሬ በካሬ

ወለሉን በሙሉ ሴራሚክ ማድረግ ለማርቆስ ብርድ አይመከርም፤ መኝታ ቤት ውስጥ ጠዋት እግር ያሳርራል። ሳሎኑን አድርጉ፣ መኝታ ቤቶቹን ሊሾውን ጠግናችሁ ፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፉባቸው። ላሚኔትን እርጥበት በሚስብ ወለል ላይ እርሱት፣ ጠርዙ ያብጣል።

ከምንም በፊት ወለሉን ፈትኑ። 50 በ50 ሳንቲም ወፍራም ፕላስቲክ ሊሾው ላይ አድርጋችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉና ለ24 ሰዓት ተዉት። ሲነሳ ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ከጠቆረ ከታች ውኃ ይስባል። ያኔ ምንጣፍም ከሥሩ ይሻግታል። ሴራሚኩ እርጥበቱን ይችላል፤ ፉጋው (የመጋጠሚያው መሙያ) ግን ይጠቁራል፣ ጨውም ያወጣል። ይህን ሙከራ በጥር ሠርታችሁ ደረቅ ነው ብትሉ ነሐሴ ያሳፍራችኋል፤ በዝናብ ወቅት ነው መሠራት ያለበት። የመሰንጠቁን ምክንያትም እወቁ። ከሥሩ ዋልካ (ያው መረሬው) ካለ ስንጥቁ በጋ ይሰፋል፣ ክረምት ይጠባል። በሁለቱም ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ርቀቱን ጻፉና ከወራት በኋላ መልሳችሁ ለኩ። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከላዩ የሚነጠፈው ሴራሚክ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል፤ ሊሾው ተነስቶ ዋልካው ቢያንስ 50 ሳንቲም ተቆፍሮ በገረጋንቲ ካልተተካ በቀር መፍትሔ የለውም። የማይንቀሳቀስ ከሆነ በቪ ቅርጽ ተከፍቶ፣ ተጠርጎ፣ በሲሚንቶ ይሞላ።

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ሴራሚክ ነው የሚባለው፤ ዕቃው ግን ይለያያል። ቁራጭ ለምኑና ጀርባው ላይ ውኃ ጠብ አድርጉ። ቶሎ የሚጠጣው የግድግዳ ነው፣ ወለል ላይ ይሰበራል። ጠብታው ሳይሰርግ የሚቆየው ፖርስሊን ነው፤ ውኃ የመምጠጥ አቅሙ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ጥንካሬው ጥሩ ሆኖ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፦ ቦያካ (የሲሚንቶ ድፍድፍ) አይዘውም። ሲሚንቶ የሚጣበቀው ውኃውን ወደ ቀዳዳው እያስገባ ነው፤ ፖርስሊን ደግሞ ቀዳዳ የለውም ማለት ይቻላል። ለእሱ የሴራሚክ ማጣበቂያ ግዙ፣ ከረጢቱ ላይ ሲ2 (C2) የሚል ምልክት ያለውን።

ሁለት ሴራሚክ ፊት ለፊት ግጠሙና መሀላቸውን እዩ፤ ባለ 60ው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከጎበጠ ሲነጠፍ ጠርዙ እግር ይመታል። ካርቶኑ ላይ ያለው ካሊበርና (የመጠን ቁጥር) የቀለም ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ። አንድ ሞዴል ሆኖ ቁጥሩ ከተለያየ መጠኑ በሚሊ ሜትር፣ ቀለሙ በጥላ ይለያል፤ ይህ የሚታየው ከተነጠፈ በኋላ ነው።

ሳሎኑ 24 ካሬ ነው። 8 በመቶ ለቁርጥና ለስብራት ሲጨመር 26 ካሬ ገደማ። የ60 በ60 ካርቶን አራት ፍሬ፣ 1.44 ካሬ ስለሚይዝ 18 ካርቶን። ዞኮሎውን (የግድግዳውን ግርጌ ጠርዝ) ከዚያው ሴራሚክ በ10 ሳንቲም ካስቆረጣችሁ ከአንድ ፍሬ 5 ቁራጭ፣ 3 ሜትር ይወጣል። የሳሎኑ ዙሪያ በሮቹ ተቀንሰው 17.5 ሜትር ስለሚሆን 6 ፍሬ ይበቃል፤ 2 ካርቶን ጨምሩ። በድምሩ 20። የተረፈውን አትመልሱት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ያንን ቀለም የሚሸጥ አታገኙም። ማጣበቂያ ለካሬ 5 ኪሎ፣ 120 ኪሎ፤ በ25 ኪሎ ከረጢት 5። ፉጋ በ3 ሚሊ ሜትር መስመር 4 ኪሎ በቂ ነው። ሠራተኛው ያለ ክፍተት አጋጥሜ ልንጠፍ ካለ እንቢ በሉት። ከግድግዳው ጋር ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል።

አነጣጠፉ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተቆጣጠሩ። ማጣበቂያው በጥርሳም ማንኪያ ወለሉን በሙሉ ይልበስ። አራት ማዕዘንና መሀል ላይ አምስት ጉብታ አድርጎ መለጠፍ ፈጣን ነው፤ ከሥሩ ባዶ ይቀራል፣ ወንበር ሲጎተትበት ወይም ሙቀጫ ሲወድቅበት ይፈነዳል። ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ፍሬ ገና ሳይዝ አስነሡት፤ ጀርባው በሙሉ ማጣበቂያ ካልነካው ይደገም። ሥራው ካለቀ በኋላ በሳንቲም እያንኳኳችሁ ዙሩ።

መታጠቢያ ቤቱ ከሁሉ ይበልጣል። ወለሉ የሚያብረቀርቅ አይሁን፤ ማት የሆነ፣ የማያንሸራትት፣ አር10 ወይም አር11 (R10፣ R11፦ ያለማንሸራተት ደረጃ) የሚል የተጻፈበት። 30 በ30 ምረጡ፣ ምክንያቱም ወደ ውኃ መውረጃው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ማዘንበል አለበት፤ ትልቅ ሴራሚክ ይህን መታጠፍ አይወጣውም። ከሴራሚኩ በፊት ውኃ መከላከያ ሁለት ዙር ይቀባ፣ ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲም፣ ሻወሩ ጋ ደግሞ እስከ 2 ሜትር ይውጣ። ፉጋ ውኃ ያሳልፋል፣ በእሱ አትተማመኑ።

እና አንድ ማንም ያላነሳው ነገር አለ፦ ብሎኬቱ ከጭቃው ጋር የሚገናኝበት መስመር። ሁለቱ በተለያየ መጠን ይሰምጣሉ፣ በተለያየ መጠን ይንቀሳቀሳሉ። በመጋጠሚያው ላይ ልስንም ሴራሚክም አያልፍ። ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ክፍት ይተው፣ ውስጡ ስፖንጅ ገመድ ገብቶ ከላዩ በሲሊኮን ይዘጋ። ጣሪያው ላይ ደግሞ መጋጠሚያው በላሜራ ካልተሸፈነ የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ ሳይሆን የዝናቡ ውኃ ነው ጭቃችሁን የሚበላው።

ሞራሌ

ፒቪሲ ፓኔሉን ጭቃ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። እርጥበቱ ከጀርባው ይቀራል፣ ሻጋታው የሚታወቀው በሽታው ነው፤ ምስጥ ቢገባም ማገሩን ጨርሶ ነው የምታዩት። የግድ ካማራችሁ ሳሎኑን ከመኝታ ቤቶቹ በሚለየው የውስጥ ክፍልፋይ ላይ ሞራሌ ቀጥ አድርጋችሁ በየ50 ሳንቲሙ ምቱ፣ ከሥርና ከላይ 2 ሳንቲም ለአየር ክፍት ይሁን።

ፓኔሉን ለኮርኒስ ብታደርጉት ይሻላል። ማርቆስ ሌሊት ስለሚበርዳት የቤቱ እንፋሎት ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ችፑድ ይህን ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ቅርጹም አይመለስም። ጂፕሰም ቦርድ በካሬ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ አቡጀዲ ሲሸከም የኖረ አሮጌ ባሕር ዛፍ ላይ 48 ካሬ ስትሰቅሉ 400 ኪሎ ገደማ ነው። ፒቪሲ የዚያን ሩብ ገደማ ነው። ሞራሌው በየ50 ሳንቲም፣ የፓኔሉ ጫፍ ከግድግዳው 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ፣ በሙቀት ስለሚረዝም። በሁለቱም ጥግ ከቆርቆሮው ሥር በወንፊት የተሸፈነ አየር ማስወጫ ተዉ።

ፒቪሲ ከእሳት ጋር አይስማማም። ማድቤቱ ከቤቱ ውጭ ከሆነ ችግር የለም፤ ምጣድ ያለበት ክፍል ላይ ግን አይሰቀል።

የጨሞጋ ማዶ

ማድቤቱ ለብቻው ነው፣ ግድግዳው ግን በጥላሸት ጠቁሯል። ቀለም ብንቀባው በሳምንቱ ቢጫ እያለ ይወጣል። የዕቃ ማስቀመጫ ጠረጴዛም ልንሠራለት ነው፣ እብነበረድ ይሁን ግራናይት?

ካሬ በካሬ

ጥላሸት ቅባትም ውኃ የሚያሟሟው ቢጫ ዝቃጭም አለው፤ ፕላስቲክ ቀለም ውኃ ስላለው ዝቃጩን ያሟሟውና ወደ ላይ ያወጣዋል። ስንት ዙር ቢቀባ ያው ነው። መጀመሪያ በሽቦ ቡርሽ ይፋቅ፣ በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ። ግድግዳው ደረቅ ከሆነ አንድ ዙር የዘይት መስመጫ ይቀባና ከላዩ የፈለጋችሁት ይደረግ። እርጥብ ከሆነ የጠቆረው ፊት ተፍቆ በአዲስ ጭቃ ይመረግና ኖራ ይቀባ፤ ጠቆር ባለ ቁጥር በዓመት አንዴ ኖራውን ማደስ ከሁሉ ይረክሳል።

ጠረጴዛው ግራናይት ይሁን። ከመተከል በኩል የሚመጣው እብነበረድ ቆንጆ ነው፣ ለመስኮት ደፍና ለደረጃ ተጠቀሙበት። ማድቤት ውስጥ ግን ሎሚ፣ ኮምጣጤና የጠላ ጭላጭ ፊቱን ያበላሹታል፤ እብነበረድ ከኖራ ድንጋይ የተለወጠ ስለሆነ አሲድ ይበላዋል። ሻጩ ግራናይት ነው ያላችሁን ለመፈተን የሎሚ ጠብታ ጥግ ላይ አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁና ጥረጉት። አረፋ ካወጣ ወይም ክብ ድንግዝግዝ ምልክት ከተወ ግራናይት አይደለም። ባለ 2 ሳንቲሙን ውሰዱ፣ ከደገፉ ውጭ የሚንጠለጠለው ከ20 ሳንቲም አይብለጥ። የእቃ ማጠቢያው ቀዳዳ ከጠርዙ ቢያንስ 8 ሳንቲም ይራቅ፤ ሲጓጓዝ የሚሰበረው እዚያ ስለሆነ ቀዳዳውን ቦታው ላይ ቢቆርጡት ይመረጣል።

ጭቃና ጭድ

የጊዜ ጉዳይ፦ ቋሚው፣ አሸንዳውና ቦዩ አሁን ይሠሩ። ምርጊቱ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ይጀመር፣ የኖራ ቅቡ እስከ ጥር ይለቅ። ጂፕሰሙ የካቲት፣ ሴራሚኩ ከጂፕሰሙ በኋላ፣ የመጨረሻው ዙር ቀለም ከሴራሚኩ በኋላ። አፈሩን ግን ከመስከረም ጀምራችሁ አቡኩት፤ ጭዱ ገና አልተወቃም ከተባለ የዓምናውን ጠይቁ፣ የሻገተ ካልሆነ ምንም አይለውም።